እሺ ባይዋ ማሽን

የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ኃላፊ ያን ዕለት ጠዋት ወንበር አልረጋለትም። ከሥልጠና አዳራሹ የፊት ረድፍ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል፣ እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል፣ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱ እንደሆነ እልህ የተጋባው ይመስል ፈቀቅ አይልም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እትዬ ኦፕራሲዮን ክፍል የምትገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስታርፍ እሱ የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እሷም ገና አሥራ ስድስት ያልሞላት ልጃገረድ ነበረች። ስታሳድገው አባብላ አልነበረም። የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቶ ከቤታቸው ደወል ጋር የቀጠለ ቀን በመጥረጊያ አባርራዋለች፤ ማታ ደግሞ ከራሷ ድርሻ ቀንሳ አብልታዋለች። ይኸው ዛሬ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ባየችው ቁጥር "በላህ ወይ?" ትለዋለች። የሐሞት ጠጠር ዓመት ሙሉ ጎኗን ሰቅዞ ሲይዛት "ጋዝ ነው፣ ይለቀኛል" እያለች አሻፈረኝ ብላ ነበር። እሺ ያሰኛት እሱ ነው። ለመናት፣ ተቆጣት፣ በመጨረሻ ፊቷ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ያኔ ተሸነፈች።

እንግዲህ በሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ ሲገባው እዚህ ምን ይሠራል? ዳይሬክተሩ ነዋ! "አንተ ከሌለህበት ሥልጠናውን ለማን ነው ያዘጋጀነው?" ብሎ ድርቅ አለበት። ሥልጠናው ከየፋብሪካው የመጡ ማሽኖችና ኮምፒውተሮች እንዴት ተግባብተው አብረው እንደሚሠሩ ነው። በዚህ ነገር ደግሞ ከሱ በላይ ላሳር ነው።

ሆስፒታሉ ሦስት ሕንፃ አለው። ሦስቱም በየዘመናቸው የተሠሩ፣ ዕቃቸውም ከየአገሩ የተለቃቀመ ነው። የአሮጌው ሕንፃ ሶኬት የአዲሱን መሰኪያ አይቀበልም። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር የላቦራቶሪውን ኮምፒውተር ከነመፈጠሩም አያውቀው፤ የደም ውጤት የሚሄደው በወረቀት ታትሞ በተላላኪዋ ኪስ ነው። ሰውዬው በዚህ ሁሉ መሀል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጣላ ሲያስታርቅ ኖሯል። የማይገባውን ሞርዶ ያስገባል፣ የሰፋውን ጠቅልሎ ያጠባል፣ የሌለውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ከነሐስ ያስቀርጻል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ "አስማሚው" ነው የሚሉት። እሱም ስሙን ይወደዋል። ሲጠሩት ደረቱ ነፋ ይላል፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

አንድ የሚምልበት እምነት አለው። ዕቃ ከዕቃ ጋር አልገጥም ሲል ምክንያቱ የሻጩ ስግብግብነት ብቻ ነው። "የኔን ብቻ ግዙ ነው ነገሩ!" ይላል። ይህንን ስብከት ያልሰማ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው።

አሠልጣኟ መነጽር ያደረገች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ስለ ኮምፒውተሮቹ ስታስረዳ ቆየችና ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አበራች። ማደንዘዣ በሚሰጥበት ማሽን ላይ የጋዝ ሲሊንደር የሚታቀፍበት ብረት ነው። ከመሀሉ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ብቅ ብለዋል።

"እነዚህ ጥርሶች ለምን እንደተሠሩ የሚነግረኝ አለ?"

አስማሚው ከመቀመጫው ሊዘል ምንም አልቀረው። "እኔ ልንገርሽ! የሻጭ ተንኮል ነው። የነሱ ሲሊንደር ብቻ እንዲገባ!"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ይህችን ሁሉም ያውቃታል። አሠልጣኟም ፈገግ አለች፤ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"ብዙ ሰው እንደሱ ይመስለዋል" አለች። "የኦክስጅን ሲሊንደር አንገቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። የማደንዘዣው ጋዝ ሲሊንደርም አለው፤ ግን ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ይለያያል። የኦክስጅኑ ማቀፊያ ጥርሶች የሚገቡት የኦክስጅኑ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ነው። የደከመው ወይም የተጣደፈ ሰው ተሳስቶ ሌላውን ቢያመጣ ብረቱ ራሱ እምቢ ይለዋል። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ኦክስጅን ነው ተብሎ ሌላ ጋዝ ቢገባለት በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር መግጠም የለበትም። አንዳንዱ አለመግጠም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።"

አስማሚው ክው አለ። እግሩ መወዛወዙን አቆመ።

የዛሬ ዓመት ከሰባት ወር ግድም ነው። አዲስ የመጡት የኦክስጅን ሲሊንደሮች ቀዳዳቸው ተንጋዶ የተበሳ ኖሮ ከሦስተኛዋ የማደንዘዣ ማሽን ጋር አልገጥም አሉ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ዋና ሲስተር "ኧረ ድረስልኝ!" ብላ አስጠራችው። እሱም ሞረዱን ይዞ ከተፍ አለ። ሁለቱን ጥርሶች ሙልጭ እስኪሉ ሞረዳቸው፣ ሲሊንደሩ ሰተት ብሎ ገባ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሲስተር ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ወዲህ ያቺ ማሽን ያመጡላትን ሲሊንደር ሁሉ ያለ ትግል ትቀበላለች። ሠራተኞቹ "እሺ ባይዋ" የሚል ስም አወጡላት፤ ጠዋት ጠዋት የሚሻሙት እሷን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ መልካም ነበር። ትናንት ዋናዋን ሲስተር ገለል አድርጎ "የነገዋ በሽተኛ እትዬ ናት። እባክሽ፣ በእሺ ባይዋ ይሁንላት" ብሎ ተለማምጧል። እሷም "ላንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል!" ብላ ተራ ቀይራለታለች። በገዛ እጁ፣ ለምኖ፣ አመስግኖ!

ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ። "ይቅርታ" ይበል አይበል አያውቅም፤ በሩ አጠገብ ያለውን ስልክ አንስቶ የኦፕራሲዮን ክፍሉን ቁጥር መታ። ጢ... ጢ... ጢ። ለካ የአዲሱ ሕንፃ ስልክ ከአሮጌው ሕንፃ ስልክ ጋር አይገናኝም! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጁን ያሰጠው ነገር ቢኖር ይህ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞክሮት ሦስት ጊዜ ትቶታል። በሞባይሉ ሲስተር ጋ ደወለ፤ አይነሳም። እዚያ ሞባይል ወደ ውስጥ አይገባም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይጮሃል። ሩብ ጉዳይ ለሦስት ሆኗል።

እግሬ አውጪኝ አለ።

ሊፍቱን ሳያይ አለፈው፤ ሊፍቱ በመልካም ቀኑም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የላቦራቶሪው ሰውዬ ክንዱን ያዘው።

"አስማሚው! እግዜር ነው ያመጣህ። ማተሚያው ወረቀት ይበላል እንጂ..."

"ልቀቀኝ!"

"ኧረ አንድ ደቂቃ ናት!"

ክንዱን መንጭቆ ሮጠ። ሰውዬው ከኋላው "ምን ነካው ዛሬ?" ሲል ሰማው። ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘው መተላለፊያ ላይ አንዲት ነርስ አልገባ ያላትን መሰኪያ እያሳየች ልትነግረው አፏን ስትከፍት በጎኗ ሾልኮ አለፈ። በሌላ ቀን ቢሆን እየሳቀ ኪሱ ውስጥ እጁን ይከት ነበር፤ ኪሱ ከማስማሚያ ዕቃ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አሁን ኪሱ ውስጥ የሚንኳኳው ነሐስ ራሱ አስጠላው። ስንቱን አስገባሁ? አለ በልቡ። እንዳይገባ ተብሎ የተሠራውን ስንቱን አስገባሁ? ደግሞ ይህን ለማሰብ ጊዜ የለም፤ እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ።

አሮጌው ሕንፃ ደረሰ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ወለሉ በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል፤ በውጭ ጫማ ከዚያ መስመር ማለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው። ዋናዋ ሲስተር መስመሩ ላይ ቆማ ወረቀት ትፈርማለች።

"ውይ፣ ሥልጠናውን ጥለህ መጣህ? አይዞህ፣ ገብታለች። እዚያ ወንበር ላይ... አንተ! ጫማህን!"

አልሰማትም። መስመሩን አልፎ የውስጡን በር በትከሻው ከፈተው።

እትዬ አልጋው ላይ ተንጋልላለች። ነጭ አንሶላ እስከ አንገቷ ደርሷል፤ ሻሿን አውልቀው አረንጓዴ ቆብ አድርገውላታል፤ ትንሽ ሆና ታየችው። በራስጌዋ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ጭምብሉን ይዛ ቆማለች። ቀዶ ሐኪሙ የታጠቡ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ከወዲያ ማዶ ይጠብቃል። በባለሙያዋ ጎን ያለችው ማሽን እሺ ባይዋ ናት።

"አቁሙ! እንዳታስተኟት!"

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ሐኪሙ። "እህትህ ናት ብለን እንደ ዓይን ብሌናችን ይዘናታል፤ ጭራሽ ከነጫማህ ትገባብኛለህ?"

እትዬ ራሷን ቀና አደረገች። "ምነው ላብ በላብ ሆንክ? ማን ሞተ?"

ሮጦ የመጣው ለመድረስ ነው እንጂ ምን ብሎ እንደሚናገር አላሰበበትም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመሰገነበትን እጁን ወደ ማሽኗ ቀሰረ። "ጥርሶቿን ሞርጃቸዋለሁ" አለ። "የኦክስጅኑ ማቀፊያ ጥርስ የለውም። የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። የማደንዘዣ ጋዝም ቢሆን በኦክስጅኑ ቦታ ትቀበላለች። አላወቅሁም ነበር። አሁን ነው የሰማሁት።"

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ጭምብሉን አስቀመጠች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከተቀጠረች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ወደ ማሽኗ ጀርባ ጎንበስ ብላ ሲሊንደሩን አየች፣ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

"ኦክስጅን ነው" አለች።

አስማሚው ግድግዳውን ተደገፈ። ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። "በል እንግዲህ፣ ኦክስጅን ከሆነ ምንም የለም። አስደነገጥከን። ነገ ትጠግነዋለህ፤ አሁን ውጣልንና ሥራችንን እንሥራ።"

ሲስተርም በሩ ላይ ሆና "እፎይ" አለች። እትዬ ደግሞ "ይኸው ነው የሱ ነገር፣ ሲፈጥረው ጭንቀታም ነው" ብላ ተመልሳ ልትጋደም ነው። እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። አስማሚውም ይብቃ ብሎ ተመኝቷል፤ እውነቱን ለመናገር አጥብቆ ነው የተመኘው።

ባለሙያዋ ግን አልተመለሰችም። ሲሊንደሩን ፈታ ወለሉ ላይ አቆመችው። ከማዕዘኑ የማደንዘዣውን ጋዝ ሲሊንደር አቅፋ አምጥታ በኦክስጅኑ ቦታ ወደ ማቀፊያው ገፋችው። ሰተት ብሎ ገባ። ብሎኑን አጠበቀችው፤ ጠበቀ። ቆማ ተመለከተችው።

ሐኪሙ ወደ ማሽኗ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"መቼ ነው የሞረድከው ጋሼ?" አለች፣ ዞር ሳትል።

"አዲሶቹ ሲሊንደሮች የመጡ ሳምንት።"

"ዓመት ከሰባት ወር ይሆነዋል" አለች ሲስተር ቀስ ብላ። ግንባሩን የሳመችበት ቀን ትዝ ብሏት እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኗን ከሱ አሸሸች።

ባለሙያዋ ጓንቷን አወለቀች። ከመደርደሪያው ወፍራሙን መዝገብ አወረደችና ገጾቹን ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። ስትገልጥ ፈጥና ነበር፤ ከዚያ ዘገየች፤ ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ገጹን ለማግኘት እንዳልተቸገረች፣ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ እንደገለጠችው ያስታውቅባት ነበር።

"አንድ ሰው አለ" አለች። "አርባ አንድ ዓመቱ። ለትርፍ አንጀት ነው የገባው፤ ቀላል ነገር። በሦስተኛዋ ማሽን። ልቡ ቆመብን። ልብ ነው ብለን ጻፍን።"

"አስታውሳለሁ" አለ ሐኪሙ። እጆቹን ወደ ላይ እንዳነሳ መሆኑን ረስቶታል።

"በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር ነበር። መሀል ላይ ኦክስጅኑ አለቀ፣ ሲሊንደር ቀየርኩ። ተጣድፌ ነበር። የሚለዩበት ቀለም ደግሞ ተላልጧል። ግርግሩ ሲበርድ ዞሬ ባይ ማሽኗ ላይ የነበረውም ባዶዎቹም ሲሊንደሮች ሁሉ ተሰብስበው ሄደዋል። የትኛውን ነበር ያነሳሁት? ይህን ራሴን ያልጠየቅሁበት ቀን የለም።" መዝገቡን በሁለት እጇ ያዘችው። "ራሴን የማጽናናው በአንድ ነገር ነበር። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር፣ ስለገባ ትክክል ነው እል ነበር።"

አስማሚው የሚይዘው ፈለገ፤ ግድግዳው አልበቃውም። ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ሲሮጥ አእምሮው ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። አንድ ዓመት ከሰባት ወር፣ በየቀኑ፣ የሰው እህት፣ የሰው ባል፣ የሰው እናት እዚህ አልጋ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ከርሟል፤ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉ ማታ ማታ ልጆቹን አቅፎ በሰላም ተኝቷል።

"ልብም ሊሆን ይችላል" አለ ሐኪሙ።

"ሊሆን ይችላል?" አለ አስማሚው።

"ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አሁን ማወቅ አይቻልም።" ሐኪሙ እጆቹን አወረደ። "ለዛሬ በቃን። እህታችን ነገ በአንደኛዋ ማሽን ይሠራላታል፤ ያቺኛዋን እኔ ራሴ ካየኋት በኋላ። ይህችን ከዚህ አውጡልኝ።"

ባለሙያዋ መዝገቡን የመሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ለአስማሚው ዘረጋችለት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"ያደረግከውን ጻፍልኝ ጋሼ። ከሱ መስመር ጎን። ቀኑንም ጨምር።"

"ኧረ ተዉ!" ሲስተር ወደ ውስጥ ገባች። "መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ እንንገር። እዚያ ላይ ከተጻፈ እኮ ሥራውን ያጣል። ምናልባትም እስር ቤት... ልጆች አሉት። ደግሞም ልብ ሊሆን ይችላል ተብሏል እኮ!"

አስማሚው እስክሪብቶውን ተቀበለ። የሰውየውን ስም አነበበ። ሙሉ ስም ነው፣ ከነአባቱ ከነአያቱ፤ ከጎኑ የስልክ ቁጥር አለ፤ "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ሥር "ታናሽ ወንድም" ይላል። እስክሪብቶው ገጹ ላይ ደረሰና ቆመ። ሲስተር ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እህቱ፣ ሌላዋ ነገሩን ሸፋፍናለት የምትኖር ሲስተር። ቢሆንም ጀመረ። ከገጹ ጠርዝ፣ ከመስመሩ በታች፣ ፊደሎቹን ጥቅጥቅ አድርጎ፣ እርስ በርስ እያነባበረ መጻፍ ጀመረ።

አንሶላ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። እትዬ ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ ከአልጋው ወርዳለች። በባዶ እግሯ መጥታ በትከሻው ላይ አሻግራ መዝገቡን አየች። ቆይታ አየችው። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

"ጉልህ አድርገህ ጻፍ" አለችው። "ወንድሙ መጥቶ ሲያነበው እንዳይቸገር።"

የጻፈውን ሰረዘና ከላይ ጀመረ።